የጉሮሮ ችሎት

አባቴ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበር። ጡረታ ወጣ የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ችሎቱን ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ሳሎናችን አዛወረው እንጂ መፍረዱን አልተወም። መቀሌ፣ ዓይናለም ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ያለ ማስረጃ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ወጡ ጨው በዝቶበታል ያለ ሰው ከምን ጋር አወዳድሮ እንዳለ ይጠየቃል። የከተማው ውሃ ከእኛው ሰፈር ጉድጓድ እየወጣ የእኛ ቧንቧ ደርቆ ሲከርምና እናቴ ስትራገም እንኳ፣ «ክሱ በማን ላይ ነው?» ይላታል። እናቴ የደሴ ሴት ናት፤ ለሥራ መቀሌ መጥታ እሱን አግብታ ቀረች። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚነገረው በእሷ ምክንያት ነው። «ሌላዋ ሴት ባል ታገባለች፣ እኔ ፍርድ ቤት አገባሁ» ትል ነበር። እሱም «ይግባኝ የማለት መብትሽ የተጠበቀ ነው» ይላታል።

ታዲያ ይህ ሰው መዋጥ አቃተው።

መጀመሪያ ቆሎ ተወ። ጥርሴ ነው አለ። ቀጥሎ ዳቦ ተወ፤ ጥፋቱን በዳቦ ጋጋሪው ላይ አደረገ። ጥሕሎ ሲተው ነው እኔ የደነገጥኩት። የዓጋመ ልጅ ነው፤ የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት ወግቶ ወጥ ውስጥ እየነከረ ሲበላ ያደገ ሰው፣ አንድ ቀን የቀረበለትን ገፋ አድርጎ «ዛሬ አላሰኘኝም» አለ። ዐይኑን አየሁት። አሰኝቶታል።

ይህ የሆነው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ እዚያው መቀሌ የሕክምና ተማሪዎችን ላቦራቶሪ አስተምር ነበር፤ በጎን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት እሠራለሁ። የጥናቱን ርእስ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጠይቆ ይጸጸታል። ቴሎሜሬዝ የሚባል ኤንዛይም የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ለመለየት ምልክት ይሆን እንደሆነ ማየት ነበር። ለእናቴ ያስረዳኋት በነጠላዋ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ክሮች ጫፋቸው እንደ ነጠላ መቋጫ ነው፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ጫፉ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ሕዋሱ አርጅቶ ይቆማል። ቴሎሜሬዝ ቁጭ ብሎ መቋጫውን መልሶ የሚቋጭ ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ በአብዛኛው ሥራ ፈት ሆኖ ይኖራል፤ ካንሰር ውስጥ ግን ያለ ዕረፍት ይቋጫል፣ ካንሰርም አላረጅም ይላል። እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «እንዲህ ያለ ባለሙያ ለመጥፎ ነገር መዋሉ» ብላ አዘነች።

አባቴን እየጎተትን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ካሜራ ያለው ቱቦ ወደ ጉሮሮው ሰደዱና ሁለት የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ቁራጮች አወጡ፤ አንዷ ለመደበኛው ምርመራ፣ ሌላዋ ለእኔ ጥናት። ለጥናቱ ፈቃደኛ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ሦስቴ አንብቦ፣ በእጁ ጽሑፍ «ውጤቱ ለእኔ ሊገለጽልኝ ይገባል» የሚል ሐረግ ጨመረበት። አማካሪዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አሉ። ያም ሆኖ ፈረሙለት።

የመደበኛው ምርመራ መልስ መጣ፦ አጠራጣሪ ነው፣ ይደገም።

«አጠራጣሪ ከሆነ» አለ አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ፣ «ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይጠቅማል።»

«ተከሳሹ ማን ነው?» አልኩት።

«ጉሮሮዬ።»

ቱቦውን ዳግም አልውጥም አለ። የባሰው ነገር ደግሞ በዚያው ሳምንት ሁዳዴ ገባ። ሐኪሙ ወተት ይጠጣ፣ እንቁላል በወተት ተመትቶ ይሰጠው፣ አጥሚቱ ቅቤ ይግባበት ብሏል፤ ፈሳሽ ካልሆነ አያልፍለትምና። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፎ አያውቅም። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። የታመመ ሰው ይፈቀድለታል አለችው።

«እውነት ነው፤ ለታመመ ይፈቀዳል» አላት። «እኔ ግን መታመሜ አልተረጋገጠም። ያልተረጋገጠ ሕመም ይዤ ጾም ብሽር ሐሰተኛ እሆናለሁ።»

«ታዲያ እስኪረጋገጥ በረሃብ ልትሞት ነው?»

«እስኪረጋገጥ ተልባ አለ።»

ስለዚህ ተልባና የአብሽ ውሃ እየጠጣ ከሳ። ዐይናችን እያየ ሰውየው አለቀ። ሰው በካንሰር ሊሞት ይችላል፣ ይህን ተምሬዋለሁ፤ ሰው በሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሞት ግን አላየሁም ነበር።

አንድ ጠዋት ጠራኝና፣ «ሁለተኛዋ ቁራጭ እናንተ ዘንድ ናት፣ አይደል ጓለይ?» አለኝ፤ በትግርኛው ልጄ ማለቱ ነው።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት።»

«ኤግዚቢት ናት ማለት ነው። የሷ ቃል ይሰማ። ካንሰር አለ ካለች ወተቱን እጠጣለሁ። የለም ካለች ጾሜን እጾማለሁ። እስከዚያው ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።»

ኣቦይ፣ ይሄ ጥናት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም አልኩት። ምልክት ይሆን እንደሆነ ገና እየጠየቅን ነው፤ በዚህ የአንድ ሰው ሕመም አይወሰንም አልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። አዳምጦ ሲያበቃ፣ «የማስረጃውን ክብደት ለፍርድ ቤቱ ተዪው» አለኝ። ምን ላድርግ? ሐኪም አልሰማ፣ ሚስት አልሰማ፤ ቢያንስ ለአንድ ነገር እታዘዛለሁ ብሏል። እኔም ቴሎሜሬዝን ለመንኩ።

ሥራው ግን ምስክር ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። ማለትም ኤንዛይሙ በእርግጥ ያለበት አንድ ነገር አብሮ መሠራት አለበት፤ ኤንዛይም ያለበት ሲመረመር ይበራልና፣ እሱ ካልበራ ማሽኑ እየሠራ እንደሆነ አይታወቅም። ከውጭ አገር የታዘዘው ማነጻጸሪያ በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጉምሩክ ወረቀት ሲያመላልስ በረዶው ቀልጦ ተበላሸ። አማካሪዬ መነጽራቸውን እያወለወሉ፣ «ቴሎሜሬዝ በጤናማ አካል ውስጥም የሚሠራበት ቦታ አለ» አሉኝ። «ዘር በሚመረትበት። የበግ ቆለጥ አምጪ፤ ትኩስ ይሁን።»

በሁዳዴ።

መቀሌ ውስጥ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በሩን ዘግቶ ባለቤቱ አገር ቤት ይሄዳል። የሚቀሩት የእስላም ሥጋ ቤቶች ናቸው፤ ያሉት ገበያው ጀርባ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም አብዛኛዎቹ የወሎ ሰዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ በዘቢብና በዳቦ እንጠያየቃለን እንጂ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሁሉም በየበሩ ነው። ስለዚህ ማተብ ያሰረች፣ ያላገባች፣ ዕድሜዋ የገፋ የዳኛ ልጅ በጾም ቀን እዚያ በር ላይ ስትቆም ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ዐይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ጎልማሳ ነው፤ ጢሙን ሂና ቀብቷል። ሥጋ የሚጠብቁ ሦስት የቀን ሠራተኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። «የበግ ቆለጥ አለ?» ስል ሦስቱም አንድ ላይ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ሰውየው አንገቴን አየ። «እህቴ፣ ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ጾም አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያ አልሸጥልሽም። የሰው ጾም አስፈትቼ እኔ በምን አፌ ረመዳንን እይዛለሁ?»

«እኔ አልበላውም።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«ማሽን ነው» አልኩ።

አሰበበት። «ማሽኑስ የማን ነው? የክርስቲያን ከሆነ የእኔን እርድ አይቀበልም። ኋላ ሥራሽ እንዳይበላሽብሽ ነው።»

ማሽን ሃይማኖት የለውም አልኩት። «አስተግፊሩላህ» አሉ ከአግዳሚው። በመጨረሻ ሲያቅተኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ አባቴ ታሟል፣ ምርመራው ያለዚህ አይሠራም አልኩ። ሰውየው ያኔ ቢላውን አስቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ። «አባት ነው እንዴ?» አለና ወደ ጓሮ ገብቶ ጥንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ይድናል።»

እኔ የምፈልገው ሽንብራ የምታክል ብቻ ነበር። በረዶ በሞላ ሣጥን ውስጥ ሁለቱን ከትቼ በባጃጅ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። በሦስት ዓይነት ነው የደረሰው። አንደኛው፣ ሰልሜያለሁ። ሁለተኛው፣ ባለ ሥጋ ቤቱን ላገባ ነው፤ እናቴ ይሄኛውን ስትሰማ «የወሎ ልጅ ከሆነ ግዴለም» ማለቷን ጎረቤት መሰከረች። ሦስተኛው፣ ለጉሮሮ ሕመም የበግ ቆለጥ መድኃኒት መሆኑ በዩኒቨርሲቲ ተረጋግጧል የሚል ነው። ሦስተኛው አሸነፈ። እስከ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ድረስ ተወራ። ጉሮሮዋን ብርድ የመታት የጎረቤት ሴት መጠኑን ልትጠይቀኝ መጣች፤ በጾም ስለሆነ በዘይት ቢጠበስ ያስኬድ እንደሆነም ጭምር።

ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱም ይህን አምኖ ኖሯል። በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች ፊት ቆሜ ሳስተምር የግቢው ጥበቃ በሩን ገፋ አድርጎ፣ «መምህር፣ ይቅርታ፣ ቆለጥ ይዞ የሚጠብቅሽ ሰው አለ» አለኝ። ወጣሁ። ሰውየው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። «ለአባትሽ ነው፣ የዛሬ እርድ ነው» አለኝ። ላስረዳው ብሞክር መቋጫና ነጠላ ልጀምር ነው። አመስግኜ ተቀበልኩት።

ቅዳሜ ዕለት የንስሐ አባታችን ወደ ቤታችን መጡ። የመጡት እኔን ሊገሥጹ ነበር፤ አባቴን ሲያዩት ግን እኔን ረሱ። ሶፋው ላይ ኮቱ ነው የተቀመጠው ማለት ይቻላል፤ እሱ ውስጡ ጠፍቷል። ምን እየቀመሰ እንደሆነ ጠየቁ፤ እናቴ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ጾሙን ፈትቼልሃለሁ። ወተቱን ጠጣ» አሉት።

«አባ፣ ሥልጣንዎን አልቃወምም» አለ አባቴ። «ነገር ግን በምን ላይ ተመሥርተው ነው የፈቱኝ?»

«በሕመምህ ላይ ነዋ።»

«እሱ እኮ ነው ገና በክርክር ላይ ያለው።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ሲቆጡ አይቻቸዋለሁ፣ ሲያቅታቸው ግን የመጀመሪያዬ ነው። «ያ ማሽንሽ መቼ ነው የሚፈርደው?» አሉኝ። ማክሰኞ አልኳቸው። «እንግዲህ በጸሎት እናስበዋለን» ብለው ተነሡ። አባቴን ነው ወይስ ማሽኑን አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመረ። ጎረቤታችን በማለዳ አጥር ላይ ሆና «ከመይ ሓዲርኪ» ብላ እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቀኝና፣ «ቴሎሜሬዝስ?» ብላ ትጨምራለች፤ ዘመዴን የምትጠይቅ ይመስል።

ማክሰኞ መጣ። የአባቴን ቁራጭ ፈጨሁ፤ ሁሉንም፤ ትንሽ ስለነበረች የሚተርፍ የለም። የበጉን ፈጨሁ። ከበጉ ላይ ግማሹን ለይቼ አፈላሁት፤ የፈላ ኤንዛይም ሞቷልና ምንም ማሳየት የለበትም። በመጨረሻ ምንም ያልገባበት ንጹሕ ውሃ አብሬ አሰለፍኩ፤ እሱም ዝም ማለት አለበት። መብራት አንዴ ሄዶ ጄኔሬተሩ ተቀበለው። ከሰዓት በኋላ ሐምራዊውን መብራት አበራሁና ጎንበስ አልኩ። ኤንዛይሙ ካለ በቀጭን መስመሮች የተሠራ መሰላል ይታያል።

የበጉ መሰላል ፏ ብሎ በራ። የአባቴም በራ። ካንሰር ነው አልኩ ለራሴ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወተቱን ይጠጣል ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ ተመለከትኩ። የፈላው በርቷል። ውሃውም በርቷል፤ እንዲያውም ከሁሉም አምሮ የበራው ውሃው ነው።

አማካሪዬ መጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ተበክሏል» አሉ። የሆነ ቦታ፣ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው፣ ለዐይን የማይታይ ጠብታ ዘሎ ሁሉንም አበላሽቶታል። ውጤት የሚባል ነገር የለም። «የአባትሽ ቁራጭ ተርፏል?» አሉኝ። አልተረፈም።

ቤት ስደርስ አባቴ ክራባት አስሮ ጠበቀኝ። አንገቱና ኮሌታው መሀል እጅ ያስገባል። ምን ምን አብሮ እንደሚሠራ ቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ቆሜ እንድናገር በእጁ አመለከተኝ።

«የእኔው ናሙና ምን አለ?»

«አዎ አለ።»

«የበጉስ?»

«አዎ አለ።»

«የተቀቀለው?»

«እሱም አዎ አለ። ምንም ማለት አልነበረበትም።»

«ውሃውስ?» 

«ውሃውም አዎ አለ።»

አባቴ ሳቀ። ያን ሁሉ ሳምንት ያልሳቀውን ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና በመሐረቡ አፉን ይዞ ቆየ። «ውሃ ካንሰር ይዞታል አለ? ለሁሉም አዎ የሚል ምስክር ነዋ። ስንቱን አይቻለሁ እንዲህ ያለውን። ውድቅ ነው።»

«ውድቅ ከሆነ ወተቱን ጠጣ።»

«ውድቅ ከሆነማ ማስረጃ የለም ማለት ነው፣ ጓለይ።»

ያኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። «እኔ አለሁ» አልኩት።

«አንቺ የባለሙያ ምስክር ነሽ። ባለሙያነትሽ ደግሞ አሁን እንደሰማነው—»

«ባለሙያነቱ ይቅር። የዐይን ምስክር ነኝ።»

የዐይን ምስክርን ሊያልፍ አልቻለም፤ ሕጉ ነው። መነጽሩን አስተካክሎ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ እኔም እውነት ለመናገር ማዪ ሳይለኝ ማልኩ። «ምን አየሽ?» አለኝ።

ያየሁትን ተናገርኩ። ቀበቶውን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ማየቴን። እኛ ፊት አኝኮ፣ ዘወር ብሎ መሐረቡ ላይ ሲተፋ፣ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት። እናቴ እነዚያን መሐረቦች ምንም ሳትል ስታጥብ። ውሃ ሊጠጣ ሲል መጀመሪያ ዐይኑን ጨፍኖ ሲዘጋጅ። ጓዳ በር ላይ ቆሞ፣ ምግብ ሲበስል ብቻውን ሲያሸት። ሕመም ነው ያየሁት አልኩ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባቴ ታሟል።

«ሌላስ?» አለኝ፤ ድምፁ ቀንሷል።

«ሌላ፣ ፈርቻለሁ። እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።»

«ፍርሃት እኮ ማስረጃ አይ—» ብሎ ጀመረ፤ ዕድሜ ልኩን ሲለው የኖረው ስለሆነ በራሱ ጊዜ ነው ከአፉ የወጣው። ከዚያ ቆመ። እጁን አየ፣ መስኮቱን አየ። «እኔም» አለ።

«ምን?»

«እኔም ፈርቻለሁ። ይመዝገብ።»

የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። ሰኞ ያንን ቱቦ ዳግም እንደሚውጥ ለሐኪሙ እንድነግረው አዘዘኝ። «ወተቱንም አምጡልኝ» አለ።

ልሄድ ስዞር እናቴ ከጓዳው በር ኋላ ወጣች። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛለች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ወተቱ ግን ገና ትኩስ ነው፤ ጥቂት ቀሚሷ ላይ ፈስሷል። ሰጠችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ በሁዳዴ ወተት አፉ ላይ አደረገ። አንዴ ጎንጨት አለና ችሎት እንደሚያስከብር ሰው እጁን አነሣ፤ ማንም እንዳይናገር። ቆመን ጠበቅን። ጉሮሮው ላይ ሲታገል አየሁት። ወረደ።

«ስኳር የለውም» አለ።

እናቴ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ስኳር ልታመጣ ሄደች። እስክትመለስ ኩባያውን እኔ ያዝኩለት።